ልብ አድርቅን ያስወጣን ኮሮና

«ብርቱካን፣ ውረጂ» አለኝ ባለቤቴ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። አበባው ሲፈራ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የጭነት መኪናችን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ሞተሯ እየጮኸ፣ ወደ ፊት መሄዱን ትታ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀምራ ነበር።

«አንተስ?»

«ውረጂ አልኩሽ እኮ።»

በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። ጭነቱን ሊቀበሉ ዳገቱ ላይ ተሰብስበው የነበሩት ገበሬዎች ድንጋይ እያነሱ ሮጠው ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወሸቁ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ጎማው አድቅቆት አለፈ። የሚቀጥለው ያዘ። መኪናዋ ቆመች። ከሥሯ ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ አፍንጫችንን ሰነፈጠው። አበባው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

ቦታው ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወስድ የጥርጊያ መንገድ ላይ ያለ ዳገት ነው። ያገሩ ሰው ልብ አድርቅ ይለዋል። የጫንነው ደግሞ በትልቅ የእንጨት መዘውር ላይ የተጠቀለለ ወፍራም የብረት ገመድ ነበር። ከዳገቱ ማዶ በክረምት የሚሞላ ወንዝ አለ። ተማሪ፣ በሽተኛ፣ ገበያተኛ የሚሻገረው በእግሩ ነው። ባለፈው ክረምት ወንዙ የአጥቢያውን ቄስ የቄስ ሞገስን ልጅ ወስዶታል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተንጠልጣይ ድልድይ ለማሠራት ተነሣ፤ ግራና ቀኝ የሚይዙት ምሰሶዎች ቆሙ፤ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር። ገመዱ ደግሞ ተቆርጦ በሁለት ዙር አይጫንም። ትልልቆቹ መኪኖች በጥርጊያው አይገቡም፤ ትንንሾቹ ክብደቱን አይችሉም። ልኩ የኛ መኪና ነበረች፤ እሷም ይኸው ወደ ኋላ ሄደች። ሰኔ ገብቷል። ወንዙ ሳይሞላ ገመዱ ካልተወጠረ፣ ነገሩ ለከርሞ ነው።

ያኔ እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቢቸና ተወልጄ ያደግሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነበርኩ። መኪናዋን ከአበባው ጋር የገዛናት በቆላው አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ ስትሮጥ ከኖረች በኋላ ነው። አበባው «የሁለታችን ከሆነች ሁለታችንም እንንዳት» ብሎ ወትውቶኝ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። መንዳቴ ግን ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ፣ ባዶዋን፣ አስፋልት ላይ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አስቤም አላውቅ።

የዚያን ቀን ሰዉ ድንጋይ እየወሸቀ፣ አበባው በፍሬን እየያዘ፣ መኪናዋን እንደምንም ወደ ዳገቱ ግርጌ መለስናት። መዘውሩን በግንድ ላይ አንከባለን አወረድነው። ቄስ ሞገስ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመው ሁሉን ያያሉ። አበባው ሊያጽናናቸው ቀረበ።

«አባ፣ እኛ እንሞክራለን፤ ተስፋ አይቁረጡ።»

«ተስፋስ አልቆርጥም ልጄ» አሉ። «እኔ የማስበው ደመናውን ነው።»

በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ሞጣ ስንመለስ መኪናዋን በቀጥታ ወደ ጋሽ ሰይድ ጋራዥ ወሰድናት። ጋሽ ሰይድ በሙያቸው የሚኮሩ፣ ኩራታቸውንም የማይደብቁ ሰው ናቸው። «ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያላዳንኩት ሞተር ካለ ይምጣ» ይላሉ። መኪናዋን ሞጣ ውስጥ አንድ ዙር ነድተዋት ተመለሱና ሞተሩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይህ ጤነኛ ነው። የፍሪሲዮኑን ዲስክ እቀይርላችኋለሁ። እሱን ብቻ ቀይሬ ብሰጣችሁ ግን እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ታቃጥሉታላችሁ።»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እርምጃዋ ነው የረዘመው።» እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደኔ ዞሩ። «ስሚኝ እህቴ። ከሞተሩ ወደ ኋላ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ካርዳን ይባላል። የናንተ ካርዳን አራት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ትበራለች። ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን ረጅም ረጅም ይራመዳል? አይራመድም። አጭር አጭር ነው የሚረግጠው። ካርዳኑ ስድስት ጊዜ ያህል ዞሮ ጎማውን አንዴ ቢያዞር፣ ይቺው መኪና በዚሁ ሞተር ትወጣዋለች።»

«ፍጥነቷስ?» አለ አበባው።

«ፍጥነቱን ትሸኘዋለህ። ሁለቱን አንድ ላይ አላህ ለማንም አልሰጠም።»

የሚቀየረው፣ የካርዳኑን ኃይል ለኋላ ጎማዎቹ በሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሳም ብረቶች ናቸው፤ ትልቁ ቀለበት ኮሮና፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን ይባላሉ። አዲሱን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ደግሞ ጊዜ የለንም። ጋሽ ሰይድ አገጫቸውን አሹ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ድንገት ብልጭ ያለልኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ የእማማ ጥሩነሽን መኪና ያውቋታል? ቢቸና፣ ከወላጆቼ ቤት አጥር ማዶ ያለችውን?»

«የድንጋይ ማመላለሻዋን?»

«እሷን። የኛው ዓይነት አይደለችም?»

ጋሽ ሰይድ ጨርቁን ወረወሩት። «ወላሂ ናት። ባልየው በሕይወት እያለ እኔው ነበርኩ የምሠራት። የድንጋይ ካባ ውስጥ ገብታ የምትወጣ መኪና ነበረች። ሂዱ። ኮሮናውንና ፒኞኑን አንድ ላይ አምጡልኝ። ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ብቻ ብታመጡ አልቀበልም።»

መኪናዋን ለጋሽ ሰይድ ትተን ወዲያው በሚኒባስ ወደ ቢቸና ተነሣን። መንገዱን እስክንጨርስ መቀመጫ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ነገሩን ስነግራቸው አልተገረሙም። መኪናዋ ዝጋ፣ በሮቿ ወልቀው፣ ዶሮ ማደሪያ ሆናለች።

«ለድልድይ ከሆነ ውሰጂው ልጄ» አሉኝ። «ዶሮዎቹን ግን እንዳታስበረግጊብኝ። እንቁላል ላይ ናቸው።»

«በቀስታ ነው የምንሠራው እማማ፣ አይስጉ።»

ግማሽ ቀን ከሥሯ ተጋደምን። ብሎኖቹ ስለዛጉ አንዱን ለመፍታት ሁለታችንም ቁልፉ ላይ መንጠልጠል ነበረብን። ዲፈረንሻሉን አውርደን ሣሩ ላይ ስናስቀምጠው ደለል የመሰለ ጥቁር ዘይት ወረደ። ውጪው ዝገት ነው። ውስጡን በናፍጣ ስናጥበው ግን ጥርሶቹ ብልጭ አሉ፤ ዘይቱ ጠብቋቸው ኖሯል። ከኪሴ የልብስ ስፌት ጠመኔዬን አውጥቼ ኮሮናው ላይ ምልክት አደረግሁ። አበባው ፒኞኑን በእጁ ማዞር ጀመረ። እኔ እቆጥራለሁ። አራት አለፈ። አምስት አለፈ። ምልክቱ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲቃረብ ስድስት አልኩ። ተያየን። አበባው ጥቁር ዘይት በነካ እጁ ጉንጬን ያዘኝ፤ ያ የዘይት አሻራ ፊቴ ላይ እንዳለ ነው ሚኒባስ የገባሁት።

ሚኒባሱ ውስጥ ፒኞኑን አበባው፣ በጆንያ የተጠቀለለውን ኮሮና እኔ ታቅፈን ተቀመጥን። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ሲከብደኝ አይታ አዘነችልኝ።

«ምን ይዘሽ ነው እህቴ እንዲህ ያደከመሽ?»

«ኮሮና ነው» አልኳት፣ ሳላስበው።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ፊት ያለው ሰውዬ መስኮት ከፈተ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«የመኪና ኮሮና ነው» አልኩ ደንግጬ። «ጥርስ ያለው ነው።»

«ደግሞ ጥርስ አወጣ?» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

መኪናው በሳቅ ተናጋ። አበባው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ እየተቀባበሉ ጆንያውን ገልጠው ያዩ ነበር፤ የምንወስድበትን ምክንያት ሲሰሙም ያቺው ሴትዮ ጆንያውን ከእቅፌ ወስዳ «እረፊ፣ ትንሽ እኔ ልያዘው» አለችኝ።

ጋሽ ሰይድ የፍሪሲዮኑን ዲስክ እኛ ሳንመለስ ቀይረው ቆይተዋል፤ የዲፈረንሻሉን ሥራ የጀመሩት በማግስቱ ጠዋት ነው። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው፣ ረጃጅሞቹን የጎማ ዘንጎች ስበው፣ የኛን ዲፈረንሻል አወረዱ። የድሮውን ኮሮናና ፒኞን አውጥተው በዚያው በኛ ዲፈረንሻል ቀፎ ውስጥ የድንጋይ ማመላለሻዋን ብረቶች ገጠሙበት። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል እንደሚጠጋ የሚወሰነው እንደ ወረቀት በሳሱ የብረት ቀለበቶች ነው። ጋሽ ሰይድ እነሱን እየደረቡና እየቀነሱ «እጄ ሚዛን ነው፣ ሌላ መለኪያ አያስፈልገኝም» ይላሉ።

መልሶ ለመግጠም ስናነሣው ክሪኩ ዘመም አለ። ያ ሁሉ ብረት ወደ ጎን ተንከባለለ። አበባው እጁን በጊዜ አላወጣም። ብረቱ ቀኝ እጁን ያዘውና ጮኸ። ሆስፒታል ወሰድኩት። አጥንቱ በሁለት ጣቶቹ ላይ ተሰንጥቋል፤ ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ጠቅልለው «ለሳምንታት ምንም አትያዝበት» አሉት። መውጫው ላይ እጁን እያየ ቆመና፣ «ብርቱካን፣ ማርሽ የምቀይርበት እጅ ነው እኮ» አለኝ።

ጋራዥ ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ገጥመው ጨርሰዋል። ነድተዋት ከግቢው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ሳይደርሱ ከሥሯ እንደ ጅብ ያለ ረጅም ጩኸት ተሰማ። ተመልሰው ሲወርዱ ፊታቸው ተለውጧል።

«ተነካክሰዋል» አሉ። «እጄ ሚዛን ነው ብዬ አልነበር? ሚዛኑ ተሳስቷል።»

እንደገና ወረደ። አሁን ጥርሶቹን ቢጫ ቀለም ቀቡና አዞሯቸው። ቀለሙ የተነሣው ከጥርሱ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር፤ መሀሉ አልተነካም። አንድ ቀለበት ጨመሩ። ቀቡ፣ አዞሩ፣ አዩ። አንዱን አውጥተው ሌላ ሞከሩ። እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ ቀለሙን እያየሁ ነው። የቀለሙ ምልክት ቀስ በቀስ ከጫፍ ወደ መሀል መጣ፤ መጨረሻ ላይ ጥርሶቹ ሆድ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ሆኖ ተቀመጠ።

«ማሻአላህ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «አሁን ታርቀዋል።»

አመሻሹ ላይ ሲነዷት ከሥሯ ምንም አልተሰማም። ያ ዝምታ እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ቀጣዩ ጥያቄ ማን ይንዳት የሚለው ነበር። አበባው መናኸሪያ ሄዶ አንድ የሚያውቀውን ሾፌር ይዞ መጣ። ሰውዬው ቦታውን ሲሰማ፣ «ልብ አድርቅ? ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ሌላ አጣን። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸው ለመሪ ደክሟል፤ ከተማ ካልሆነ አይነዱም።

«እኔ የማይገባኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ «መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እዚህ ቆሞ ሌላ ፍለጋ የምትዞሩት ለምንድን ነው?»

አበባው አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«ዳገት ላይ ጭነት ነድቼ አላውቅም» አልኩ።

«እኔም የመጀመሪያ ቀን ነድቼ አላውቅም ነበር» አለ አበባው። ከዚያ ቆይቶ፣ «ካልፈለግሽ ግን አላስገድድሽም። እውነቴን ነው» አለኝ።

ወደ ጆሮዬ የመጣው የቄስ ሞገስ ድምፅ ነው። «እኔ የማስበው ደመናውን ነው።»

«ነገ ጠዋት» አልኩ።

ጠዋት ከዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ሰዉ መዘውሩን በግንድ እየገፋ ጫነልን። ቄስ ሞገስ ወደ መስኮቱ ቀረቡ።

«ሾፌሩስ ወዴት ነው ልጄ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና፣ «እንግዲያው እኔ ከፊት እሄዳለሁ» ብለው ጃንጥላቸውን ይዘው መንገድ ጀመሩ።

ጋቢናው ውስጥ እኔ፣ አበባው፣ ከዳር ጋሽ ሰይድ ነን። «የሠራሁት ከተሰበረ አብሬው ልገኝ» ብለው ነው የመጡት። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። መኪናዋ ሳትንገዳገድ፣ እንደ በሬ ትከሻዋን ሰብቃ ተነሣች። የፍጥነት መለኪያው ካለንበት ፍጥነት በላይ ያሳያል። ጋሽ ሰይድ ሳቁ። «ይዋሻል፣ አትመኚው። እሱ የሚያውቀው የድሮውን ብረት ነው።»

ወጣን። ቄስ ሞገስ ከፊታችን ይራመዳሉ፤ እኛም በእሳቸው እርምጃ ልክ እንከተላለን። ሞተሩ አያጓራም፤ ይዘምራል ብል ይቀላል። ባለፈው ጊዜ ወደ ኋላ የሄድንበት ጠባብ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ቄሱ እጃቸውን አነሡ። የሌሊቱ ዝናብ ከላይ ያንሸራተተው ቋጥኝ መሀል መንገዱ ላይ ተጋድሟል።

«አቁሚ» አለ አበባው።

አቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ሰዎች ከኋላ ድንጋይ ወሸቁ፤ ሌሎች ቋጥኙን በእንጨት ፈንቅለው ወደ ገደሉ ለቀቁት። ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ገደሉን እንዳላይ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ።

አሁን ከቆምኩበት መነሣት አለብኝ። ዳገት መሀል፣ በሙሉ ጭነት። ግራ እግሬን ፍሪሲዮኑ ላይ አጥብቄ ረገጥኩ።

«በቀስታ ልቀቂው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ሞተሩ ጎንበስ ሲል ይሰማሻል። ያኔ የእጅ ፍሬኑን አውርጂ።»

ለቀቅሁ። ሞተሩ ጎንበስ አለ። ፍሬኑን አወረድኩ። ለቅጽበት መኪናዋ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄደችም። ከዚያ ተነሣች።

ግን ጭቃ ነበር። ትንሽ እንደሄድን የኋላ ጎማ ባዶውን ፈተለና ጭራችን ወደ ገደሉ ሸርተት አለ። መዘውሩ ከላይ ተንቋቋ። በዓይኔ ጥግ የአበባው ደህና እጅ ወደ መሪው ሲዘረጋ አየሁ። እጁ መሪውን ሊነካ ሲል ቆመ። ከዚያ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለ፣ በዚያ በቀነሰ ድምፁ።

ነዳጁን አልጨመርኩም። ነካ አድርጌ ያዝኩት እንጂ። ሰዎች ጠጠርና ቅጠል ከጎማው ሥር በተኑ። ጎማው አንዴ ፈተለ፣ ደገመ፣ ከዚያ ነከሰ። መኪናዋ ቀና አለች። መታጠፊያውን አለፍን። ከመታጠፊያው በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። የማስታውሰው የቄስ ሞገስን ነጭ ጥምጣም ብቻ ነው፤ ከፊቴ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ድንገት ሰማዩ ላይ ቀረ። ጫፍ ደርሰናል።

ሞተሩን ሳጠፋ የሴቶቹ እልልታ ከሸለቆው ማዶ ተመልሶ መጣ። አበባውና ጋሽ ሰይድ ግራና ቀኝ ይዘው አወረዱኝ። ቄስ ሞገስ እያለከለኩ መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬስ ማርሽ ጣፈጠን።»

ማር ይዤ የመጣሁ ይመስል ባዶ እጄን አየሁ። ጋሽ ሰይድ ቀድመውኝ ገባቸውና መኪናዋን ተደግፈው ሳቁ። የጎጃም ቄስ በደስታው ቀን እንኳ ቅኔውን አይተውም።

ገመዱ ተወጠረ፤ ድልድዩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ክረምቱ እንደ ጉድ ወረደ። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቀልቶ ሲሞላ ቄስ ሞገስ በየጠዋቱ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው የሚያልፉትን ተማሪዎች ያዩ እንደነበር ሰማሁ። ለምን እንደሚቆሙ የጠየቃቸው የለም።

አንባቢዎቼ፣ «ሴት ልጅ ሁሉን ትችላለች» ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ያ ዳገት በጋሽ ሰይድ እጅ፣ በእማማ ጥሩነሽ ቸርነት፣ ድንጋይ በወሸቁት ሰዎች ጭምር ነው የተወጣው። በራሴ ላይ ያየሁት ለውጥ ግን አንድ ነው። ከዚያ በፊት ራሴን የማውቀው ማድረግ በለመድኳቸው ነገሮች ብቻ ነበር፤ ባዶ መኪና፣ አስፋልት፣ እስከ ደብረ ወርቅ። ከዚያ ማዶ ያለችውን ብርቱካን ፈትኛት አላውቅም ነበር። እናንተም እስከ የት ድረስ እንደነዳችሁ አስቡ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የሌለ መስሏችሁ የቆማችሁበት ቦታ አይጠፋም። ትዳሬንም የማየው በሌላ ዓይን ሆኗል። ብዙ ሰው መሪ ያቀብላል፤ መኪናዋ ወደ ገደል ስትንሸራተት እጁን የሚመልስ ግን ጥቂት ነው።

የአበባው ጣቶች ሙሉ በሙሉ ከዳኑ በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ አንድ የሞጣ እህል ነጋዴ ቢቸና ቤታችን ድረስ መጣ። እኔ በራፉ ላይ የመኪናዋን ዘይት እየለካሁ ነበር። ነጋዴው እኔን አልፎ አበባውን ጨበጠው።

«ከሸለቆው የሚወጣ ጭነት አለኝ» አለው። «መቼ ትነሣልኛለህ?»

አበባው በዳነ እጁ ወደኔ ጠቆመ።

«እኔ የአስፋልት ሾፌር ነኝ» አለው። «የዳገቱን እሷን አናግራት።»